አንድ ሸለቆ፣ አንድ የድርድር ጠረጴዛ!

የአዋሽና የሰመራ ወጣቶች፣ እስኪ ልጠይቃችሁ። ጎረቤት ያለው ድርጅት ለጥበቃው፣ ለሾፌሩ፣ ለጉልበት ሠራተኛው ስንት እንደሚከፍል ታውቃላችሁ? እኛ መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው ዳጉ ሳንለዋወጥ የማናልፍ ሕዝብ ነን። የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የገበያውን ወሬ እንቀባበላለን። ደመወዝ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም አፉን ይይዛል። አሠሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው!

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ችግሩ ድርድሩ በየድርጅቱ አጥር ውስጥ መቅረቱ ነው። ጠንካራ ማኅበር ያለበት ጋ ደመወዝ ከፍ ይላል፤ ማኅበር የሌለበት ጋ አለቃው የቆረጠው ይጸናል። ያው ሥራ፣ ያው ፀሐይ፣ የተለያየ እንጀራ!

ይኸው አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። 2016 ሲያልቅ ግን የግሉ ሠራተኛ ገና ወለል አልነበረውም። በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ከሰመራ እስከ ሞያሌ በአንድ ውሳኔ ነው ያደገው። የግሉስ? እንደ አለቃው ደግነት!

ስዊድንን ተመልከቱ። በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም። ግን ማኅበራቱ በየዘርፉ ስለሚደራደሩ ከ10 ሠራተኛ 9 ያህሉ በኅብረት ስምምነት የተሸፈነ ነው። በፈረንጆቹ ከ1956 ጀምሮ ድርድሩ በአገር ደረጃ ሲካሄድ የደመወዝ ልዩነቱ ጠበበ፤ በ1983 የብረታ ብረት ዘርፉ ተነጥሎ ለብቻው ከተደራደረ በኋላ መልሶ ሰፋ።

«ደመወዝ ከተጨመረ ድርጅት ይዘጋል፣ አንተ ሥራ አጡ ጭራሽ አትቀጠርም» የሚሉን አሉ። ዲግሪ ይዤ ሥራ የምፈልግ ነኝና ነገሩ እኔንም ይመለከተኛል። የምንጠይቀው ደካማው ድርጅትም ሊችለው የሚገባውን ወለል ነው፤ የቻለ ከዚያ በላይ ይክፈል። ዛሬ እኮ ማስፈራሪያ የተደረግነው እኛው ሥራ ፈላጊዎች ነን! ሠራተኛው ጭማሪ ሲጠይቅ «ካልተመቸህ በር ላይ የሚጠብቅ ሞልቷል» ይባላል። ወለሉ ለሁሉም አንድ ከሆነ ግን እኔን በርካሽ ቀጥሮ ወንድሜን ማባረር አይቻልም።

ወንጂ፣ መተሐራ፣ ከሰም፣ ተንዳሆ፦ አራት የስኳር ፋብሪካዎች፣ አንድ የአዋሽ ሸለቆ። የደመወዛቸው ወለልም አንድ ይሁን! ማኅበር ከአንድ በላይ ከሆኑ አሠሪዎች ጋር መደራደር እንደሚችል አዋጁ ራሱ ይፈቅዳል። የጎደለው የእኛ መሰባሰብ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ዳጉ ስትለዋወጡ ደመወዛችሁንም ተናገሩ። ሼር!