የመዳብ መስመርና የሲግናል መጠላለፍ፦ ከቴክኒክ ባሻገር ያለው ጥያቄ

የኦፕቲክ ፋይበርን እስከ ሰፈር ማከፋፈያ ሳጥን አድርሶ ቀሪውን ርቀት በነባሩ የስልክ መዳብ መሸፈን የብሮድባንድ ዝርጋታ ወጪን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ገመድ ውስጥ የሚያልፉ ሽቦዎች ሲግናላቸው ስለሚጠላለፍ ፍጥነቱ ይዳከማል።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀው የጂ.993.5 ደረጃ «ቬክተሪንግ» የተሰኘ መፍትሔ ተቀምጧል። በዚህ ስልት በሳጥኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ መጠላለፉን እየለካ አስቀድሞ ያካክሰዋል። ሙሉ ውጤት የሚገኘው ግን ሁሉም ጥንዶች በአንድ ሥርዓት ቁጥጥር ሥር ሲሆኑ ነው። በመሆኑም ቴክኒካዊው ጉዳይ የውድድር ጥያቄ ይሆናል። የጀርመን ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2013 ዶይቸ ቴሌኮም ቬክተሪንግ በሚዘረጋባቸው ሳጥኖች መዳቡን በቀጥታ ለተፎካካሪዎች እንዳይሰጥ በቅድመ ሁኔታ ሲፈቅድ፣ በምትኩ አማራጭ የጅምላ አገልግሎት እንዲያቀርብ ግዴታ ጥሎበታል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፍታ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁማለች። በአንበሳሜ፣ በወረታና በመሰል ከተሞች የሚደረግ የብሮድባንድ ማስፋፋትም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም። የክረምት ጎርፍ በሚያጠቃው የፎገራ ሜዳ ደግሞ በመዳብ መጋጠሚያዎች የሚገባ እርጥበት ችግሩን ያባብሳል። ፋይበር ግን ብርሃን ስለሚያስተላልፍ ለኤሌክትሪክ መጠላለፍ አይጋለጥም።

ስለዚህ መዳብ ባልተዘረጋበት አካባቢ ፋይበርን እስከ ቤት ማድረስ፣ በተዘረጋበት ደግሞ ገመዱን በአንድ ኃላፊ ማስተዳደርና ለሌሎች ኦፕሬተሮች ፍትሐዊ የጅምላ አገልግሎት ማረጋገጥ ተመራጭ አቅጣጫ ነው።