ትልቁን ቴሌቪዥን በዚህ ጥር ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ውቂያው እንዴት ነው? በእኛ ቀበሌ አብዛኛው በቆሎ ተፈልፍሎ ገብቷል፤ ጤፉም ከአውድማ እየተነሳ ነው። ዛሬ ስለ ተባይም ስለ ማዳበሪያም አይደለም የምጽፈው። ስለ ቴሌቪዥን ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ መጨረሻ ላይ ዞሮ ዞሮ ከበቆሎው ጋር ይገናኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ኮምፖስት እያገላበጥን ሳለ አንድ የማከብራቸው አባወራ ጠጋ ብለው «ባለሙያው፣ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ልገዛ ነው፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ቤታቸው 24 ኢንች የሆነች፣ በሶላር የምትሠራ ቴሌቪዥን አለች። ደህና ትሠራለች። «ያለችውስ ምን ሆነች ጋሼ?» ብላቸው «ምንም አልሆነችም፤ አነሰች» አሉ። በቆሎውን ሸጠው ለጥምቀት ሊያደርሱት ነው ያሰቡት።

እኔ ቶሎ ብዬ «ይቆይ» አልኳቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «የከተማ ሰው ሲገዛ ማን ይመክረዋል? እኛ ስንገዛ ነው ምክር የሚበዛው። ገበሬ በትንሹ ይይ የሚል ሕግ አለ እንዴ?» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልስ አጣሁ። እኔ ራሴ ደመወዜን ይዤ ስልክ ስቀይር ማንም መጥቶ ማዳበሪያ ገዝተሃል ወይ አላለኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ቴሌቪዥን ለእናንተ አይገባም ለማለት አይደለም። ዓመት ሙሉ የለፋ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ዜናውንም ድራማውንም ኳሱንም ደስ ብሎት ቢያይ ምን ክፋት አለው? የእኔ ክርክር ከወሩ ጋር ነው። ገንዘቡ ከየት ይወጣል ከሚለውም ጋር።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። ቤታችን ጀርባው ያበጠው አሮጌው 21 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር። እኔ ደግሞ ከተማ ስስ ቴሌቪዥን ለምጄ መጥቻለሁ። አባቴን ነዘነዝኩት። «ጎረቤት ሁሉ ቀይሯል፤ እኛ ብቻ ቀረን» አልኩት። እናቴ «እስቲ ክረምቱን እንየው» ስትል የሰማት አልነበረም። ጥር ላይ 8 ኩንታል በቆሎ ተሸጦ 43 ኢንች ተገዛ። ያን ሰሞን ቤታችን ሰው በሰው ሆነ፤ እናቴ ቡና ስታፈላ ነው የከረመችው። ቡናውም ስኳሩም የቴሌቪዥኑ ወጪ መሆኑን ያኔ ማን አስቦት!

ሰኔ መጣ። ለዩሪያ የተያዘው ገንዘብ አልበቃም፤ አባቴ ከሚያስፈልገው ግማሹን ብቻ ገዛ። ሐምሌ ላይ ጎተራው አለቀና እናቴ በቆሎ ልትገዛ ገበያ ወረደች። እኛ ጥር ላይ 5 ኩንታል በሸጥንበት ብር ያን ጊዜ የተገኘው 3 ኩንታል ነው። ነሐሴ ላይ እንደገና ለእረፍት ስመለስ የታችኛው ማሳ ውስጥ ገባሁ። የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በመሐል አጥንቱ በኩል ወደ ውስጥ ቢጫ ሆነዋል። ኮሌጅ ውስጥ የናይትሮጅን እጥረት ምልክት ተብሎ በሥዕል ያሳዩን ቅጠል ማለት ነው። ለፈተና አጥንቼው ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት በአባቴ ማሳ ላይ፣ በእኔ ነዝናዛነት ምክንያት ነው። አባቴ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራላችሁ በብር ብቻ አትስሙት፤ ወደ ኩንታል ቀይሩት። «ይህ ቴሌቪዥን በዛሬው ገበያ ስንት ኩንታል በቆሎ ነው?» በሉ። ቀጥላችሁ ደግሞ «ባለፈው ሐምሌ ቢሆን ስንት ኩንታል ይሆን ነበር?» ብላችሁ አስቡ። በመኸር ማግስት ሁሉም ሰው እኩል ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምት ላይ የያዘው ሰው ጥቂት ስለሆነ ይወጣል። ሁልጊዜ ነው አልልም፤ ክረምት ላይ ዋጋው ያልጨመረበት ዓመትም ይኖራል፣ ለዚህም ነው ሁሉንም ይዛችሁ ጠብቁ የማልለው። ከፋፍላችሁ ሽጡ። ግን መጀመሪያ እስከ ሚቀጥለው እሸት የሚበላው ይለይ። ከዚያ ለዘርና ለማዳበሪያ የሚሆነው ገንዘብ ይቀመጥ፤ ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ፣ ማሳችሁን አስቡና አስሉት። የልጆች ደብተርና የለቅሶ የሠርጉ ወጪም አለ። ከዚህ የተረፈው ነው የቴሌቪዥን።

«ላቆየውስ ብል ነቀዙ ይጨርሰዋል፤ ቴሌቪዥኑን ነቀዝ አይበላውም» የሚለኝ ሰው አለ። ልክ ነው! ብዙ ሰው ጥር ላይ የሚሸጠው ገንዘብ ቸግሮት ሳይሆን ነቀዝ ፈርቶ ነው። ለዚህ ነው ስለ ፒክስ ከረጢት የምነዘንዛችሁ። ውጩ ተራ ማዳበሪያ የሚመስል ከረጢት ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። እህሉ ይሞላና አየር እየተጨመቀ ይወጣል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥሮት ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ላስቲኩ ከተበሳ ግን ሥራው ቀረ፤ ስለዚህ ከግድግዳ ራቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በርብራብ ላይ አስቀምጡት፤ አይጧንም ጠብቁ።

እህሉ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ እህል ከታሰረ ይሻግታል፤ የሻገተ በቆሎ ደግሞ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። መድረቁን ለማወቅ ንጹሕ የደረቀ የጠርሙስ ዕቃ ውሰዱ፤ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሩበት፤ ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ናጡትና ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ መልሱት።

ስለ ዕቃው ራሱም ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሲገዛ የሚያየው ስፋቱን ብቻ ነው። ኢንች የሚለካው ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ነው። 32 ኢንች ማለት 81 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 43 ኢንች 109፣ 55 ኢንች 140 ማለት ነው። እንደ ግምት፣ የዚህን ልክ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ርቆ መቀመጥ ለዓይን ደህና ነው። ጋሼ ቤት ከመደቡ እስከ ቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል። እውነትም 24 ኢንቿ ለዚያ ርቀት ታንሳለች፤ «አነሰች» ያሉት ዝም ብለው አልነበረም። ባለቤታቸው ደግሞ ቆይተው «እኔስ ከታች የሚሄደውን ጽሑፍ ካጣሁት ቆየሁ» አሉኝ። ቅር ያለኝ ይሄ ነው፤ እኔ ለታይታ መስሎኝ ነበር። (እትዬ ግን ጤና ጣቢያ ሄደው ዓይናቸውን ይታዩ ብያለሁ፤ የመርፌ ቀዳዳም አላይ ካላቸው ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ብቻ አይደለም።)

ትልቁ ችግር ያለው ሶላሩ ላይ ነው። ከዕቃው ጀርባ ዋት የሚል ቁጥር አለ፤ እሱን እዩ። 55 ኢንች ብዙውን ጊዜ 100 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። 120 ዋት ነው እንበል፤ ማታ 4 ሰዓት ብታዩበት 480 ዋት ሰዓት ነው። በቀጥታ በ12 ቮልት የምትሠራ 32 ኢንች ደግሞ 35 ዋት ብትሆን በዚያው 4 ሰዓት 140 ብቻ ነው የምትፈልገው። በዚያ ላይ ትልልቆቹ አብዛኞቹ 220 ቮልት ስለሆኑ ኢንቨርተር ይጠይቃሉ፤ ባትሪውም ሰሌዳውም መተለቅ አለበት። ስለዚህ ጋሼ የሰሙት ዋጋ የቴሌቪዥኑ እንጂ የነገሩ ሁሉ ዋጋ አይደለም። መብራት ላላችሁ ይሄ አያሳስባችሁም፤ እናንተን የሚያሰጋው መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው። መከላከያ ግዙለት፤ ነጎድጓድ ሲያስገመግም ደግሞ የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ።

«ስማርት ነው፣ ፎርኬ ነው» ሲሏችሁም ጠይቁ። ስማርቱ ያለ ኢንተርኔት ምንም አይሠራላችሁም፤ በስልክ ዳታ ካያችሁበት ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ከ1 ጊጋ በላይ ይጨርሳል። በዲሽ የምናያቸው ጣቢያዎቻችን ደግሞ በፎርኬ አይተላለፉም። ስትገዙ አስከፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዩት፤ መስመር ወይም ጥቁር ነጥብ ካለ ይታያል። ዋስትናውን በወረቀት ተቀበሉ። ስታመጡት እንዳታጋድሙት፤ በቁሙ ይያዝ። በእኛ መንገድ በጋሪ ተጋድሞ መጥቶ ቤት ሲከፈት የተሰነጠቀ አይቻለሁ። ግድግዳችሁ ጭቃ ከሆነ ማንጠልጠያው ምሰሶ ላይ ካልተመታ አይችለውም። ጭስ የሚገባበት ክፍል ከሆነም ቀርቶባችሁ።

ታዲያ ለጋሼ ያልኳቸው ይህን ነው፦ 55ቱን ይተዉት፤ በ12 ቮልት የሚሠራ 32 ኢንች ይበቃዎታል፣ መደቡን ወደ 2 ሜትር ያስጠጉት። እሱንም በበቆሎው አይግዙት። አሁን ገለባውም ድርቆሹም አለ፤ ሁለት ሦስት ጠቦት ገዝተው ለሦስት ወር ያህል ያድልቡና ለፋሲካ ይሽጧቸው፤ ከትርፉ ይግዙ። መጀመሪያ ግን ደስታ መሰል በሽታን ያስከትቡ፤ የውስጥ ተባይ መድኃኒትም ያጠጡ፤ ሳይከተብ ገብቶ የሞተ በግ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ነው ይዞ የሚሄደው። ጥምቀት ያልፋል፤ ፋሲካም በዓል ነው፣ ያውም ጾም የሚፈታበት።

ይህን ስላቸው እሺም እንቢም አላሉኝም። «አንተ ልጅ፣ ቴሌቪዥን ብልህ በግ ሰጠኸኝ» ብለው ሄዱ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ሁለት ጠቦት እየጎተቱ አየኋቸው። ልጃቸው ከኋላ በኩርፊያ ይከተላል። በጣም ነው የገባኝ ልጁ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አናግረዋለሁ።

ከእኔ የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ጥር ላይ ገዝቶ ያልተጎዳ ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረን። ሐሙስ ጠዋት ማዕከሉ ነኝ። የጨው ሙከራውን ለማየት የምትመጡ ከየጎተራችሁ እፍኝ እፍኝ በቆሎ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ጠርሙሱና ጨው ከእኔ ነው። እማወራዎችም አባወራዎችም አብራችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል።