ቤቱ ተወደደ፤ ኪራዩስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለማከራየት ቤት የገዛን ሰው ምን ያህል እንዳተረፈ ጠይቁት። ስለ ኪራዩ አይነግራችሁም። «ያኔ በስንት ገዝቼው ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» ይላል። ብር በየዓመቱ አቅም በሚያጣበት አገር፣ በተለይ ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ ገንዘብን ቤት ላይ ማሳረፍ ሞኝነት አይደለም። ግን ይህ ቁጠባ ነው። ማከራየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እኛ አገር ግን እንደ ሥራ የያዘው ጥቂት ሰው ነው። ከእንግዲህ ይህ ቸልተኝነት አከራዩን ራሱን የሚያስከፍለው ይመስለኛል።

ለምሳሌ ያህል እናስላው። 6 ሚሊዮን ብር የወጣበት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በወር 30 ሺህ ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 360 ሺህ ነው፤ ከመቶ ስድስት። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ከዋለ 330 ሺህ ይሆናል። የደላላው ኮሚሽን፣ ቀለሙ፣ የሚያፈሰው ቧንቧ፣ የኪራይ ገቢ ግብሩ ሲቀነስ ከመቶ አራት ቢቀር ጥሩ ነው። የዋጋውን ግማሽ ከባንክ ለተበደረ ሰው ደግሞ ኪራዩ ወለዱን እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

ይህን ጉድለት አከራዩ ሲሞላ የኖረው በአንድ መንገድ ነው፦ ሲፈልግ መጨመር፣ እምቢ ያለውን ማስወጣት፣ ከአዲሱ ተከራይ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ መቀበል። መጋቢት 2016 ላይ የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን መንገድ ዘጋ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጸናል። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባሳወቀው መጠን ብቻ ነው።

አከራዮች ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የብዙ ቤተሰብ ትዝታ ነው። በወር ከመቶ ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ኪራያቸው ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ ሳይል ቀረ። ከዚያ ኪራይ ቆርቆሮ የሚያስቀይር ገንዘብ አይወጣም ነበር። ፒያሳና ካዛንቺስ እስኪፈርሱ ድረስ ያየናቸው የዛጉ ጣሪያዎች የዚያ ሂሳብ ውጤት ናቸው። የዛሬው አዋጅ ቤት አይወርስም፤ ነገር ግን የሚፈቀደው ጭማሪ ከጥገና ወጪ በታች ከዋለ ወደዚያው አዘቅት ይወስደናል፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት።

ሆኖም አከራዩ በእጁ ያለውን ትርፍ ገና አልነካውም። በወር 2,500 ብር ለመጨመር ሲል ደህና ተከራይ ያስወጣና ቤቱ ለአንድ ወር ባዶ የዋለበት ሰው፣ የዓመቱን ጭማሪ በሙሉ በዚያች ወር አጥቶታል። ሁለት ዓመት በሚጸና ውል ደግሞ ዋናው ውሳኔ ማን ይግባ የሚለው ነው። ይህን ውሳኔ ግን ለደላላ እንተወዋለን፤ ደላላው ደግሞ የሚከፈለው ተከራይ ስለገባ እንጂ ተከራዩ ስለቆየ አይደለም።

ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ያለው ባለቤትማ ውክልናውን ለወንድሙ ሰጥቶ ይረሳዋል። ወንድሙ ቧንቧ ሠሪ ይፈልጋል፣ ኪራይ ይቀበላል፣ ግብር ሊከፍል ይሰለፋል፤ የሚከፈለው ግን ምስጋና ነው። እንዲህ ተይዞ ቤቱ ቢጎሳቆል ማን ይወቀሳል? ከኪራዩ ላይ የተወሰነ ድርሻ ቆርጦ መስጠት ይሻላል፤ ያኔ ደረሰኝ መጠየቅም ነውር አይሆንም።

የጋራ ሕንፃ ላይ ነገሩ ይብሳል። በ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና የፍሳሽ መስመሩን የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ቤቱን ያከራየው ሰው ግን ስብሰባ አይመጣም፤ መዋጮ ሲጠየቅም «እኔ እዚያ አልኖርም» ይላል። ተከራዩ እዚያ ይኖራል፤ ድምፅ ግን የለውም። ሮቶው ተሰንጥቆ ውሃ ሲጠፋ፣ ደረጃው ሲሸት፣ ቀድሞ ዕቃውን የሚጭነው ሌላ ቤት ለመከራየት አቅም ያለው፣ ኪራዩን በወቅቱ የሚከፍለው ተከራይ ነው።