ለፓሮታ ተጮኸ፤ ለማሽላ ቂጣስ?

እ.ኤ.አ በ2020 ሕንድ ውስጥ አንድ የቂጣ ነገር አገር አነጋግሮ ነበር። የካርናታካ ግዛት የግብር ብያኔ ሰጪ አካል፣ ታሽጎ የሚሸጥ ፓሮታ ሮቲ አይደለም አለ። ምክንያት? ሮቲ እንዳለ ይበላል፣ ፓሮታው ግን ተሙቆ ነው። ጨዋታው የቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሮቲ ግብር 5 በመቶ ሲሆን ፓሮታው ላይ 18 በመቶ ተጣለ። ኢንተርኔቱ ተቀጣጠለ። የሰሜኑ ቂጣ ቂጣ ሆኖ የደቡቡ እንዴት ቅንጦት ይባላል ያሉም ነበሩ።

እውነታቸውን ነው። ፓሮታ ለማታውቁት፣ ከፉርኖ ዱቄት ተለውሶ፣ በዘይት እየተለጠጠና እየተጠቀለለ የሚነባበር፣ ከምጣድ ሲወጣም በሁለት እጅ እየተመታ ንብርብሩ የሚላላ ቂጣ ነው። አነባበሮ የሩቅ ዘመዱ ቢባል አያጣላም። ኬረላዎች ከበሬ ሥጋ ጋር ሲበሉት ማየት ራሱ ያስርባል።

ክርክሩን ስንከታተል ግን አንድ ነገር ከነከነን። ስለ ሕንድ ቂጣ ሲነሳ ሁሌ የሚወራው ስለ ስንዴ ነው። እኛም የሕንድ ምግብ ቤት ስንገባ «ናን» ብለን እንገላገላለን። (ናን ከፋርስ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ዳቦ ነው። ስለዚህ «ናን ዳቦ» የምትሉ፣ «ዳቦ ዳቦ» እያላችሁ ነው።) ናን የሚጋገረው ታንዱር በሚባል የጋለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ብዙው የሰሜን ሕንድ ቤተሰብ በየቀኑ የሚበላው ግን ከነፉርሽካው ከተፈጨ ስንዴ ያለ እርሾ የሚሠራ የምጣድ ሮቲ ነው። ደቡቦቹ ደግሞ ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው፣ ሌሊቱን አሳድረው አቡክተው ዶሳ ይጋግራሉ። እንጀራ ለለመደ ሰው ጠረኑ ባዕድ አይሆንበትም።

የእኛ ልብ ያለው ግን ማሃራሽትራና ሰሜን ካርናታካ ነው። እዚያ ባክሪ አለ፤ የማሽላ ቂጣ። የማሽላ ሊጥ እንደ ስንዴ አይሳብም፤ በመዳመጫ ልዳምጥህ ብትሉት ይበጣጠሳል። ስለዚህ ሴቶቹ በሙቅ ውሃ ለውሰው በመዳፋቸው እየመቱ ያሰፉታል፤ ምጣድ ላይ ጥለው ፊቱን ውሃ ይቀቡታል፤ መጨረሻ ላይ እሳቱን በቀጥታ ሲያሳዩት እንደ ፊኛ ይነፋል። ከጥሬ ሽንኩርትና ፒትላ ከሚሉት የሽምብራ ዱቄት ወጥ ጋር ይበላል (ሽሮ ብትሉት ጠብ የለንም)። ወደ ደቡብ ካርናታካ ወረድ ስትሉ ቂጣው የዳጉሳ ይሆናል። ዳጉሳ ደግሞ ከሺህ ዓመታት በፊት ከእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ ሕንድ የገባ እህል ነው። ማሽላም ትውልዱ አፍሪካ ነው። ዝምድናው እንግዲህ የወሬ አይደለም።

እየሳሳ የመጣው ይኸው ቂጣ ነው። ከ1960ዎቹ የአረንጓዴ አብዮት ወዲህ መንግሥት በተወሰነ ዋጋ በብዛት የሚገዛውም፣ ለድሃው በርካሽ የሚያድለውም ስንዴና ሩዝ ሆነ። መስኖውም ምርጥ ዘሩም ወደዚያው አዘነበለ። ድርቅ የሚችለው ማሽላ የድሃ እህል ተባለ፤ ከተሜው ለስላሳውን የስንዴ ቂጣ ለመደ። እንደ ፓሮታው ኢንተርኔት ያጨናነቀለት አላየንም።

በኋላ ግን ተነቃ። ሕንድ ባቀረበችው ሐሳብ የተባበሩት መንግሥታት 2023ን የእነ ማሽላና ዳጉሳ ዓለም አቀፍ ዓመት አለው። የከተማ መደብሮችም የዳጉሳ ብስኩት ደረደሩ። ብስኩት! በመዳፏ ባክሪ መምታት የምታውቀው ሴት ብስኩቱ ውስጥ የት አለች?

ፓሮታውስ ተሳክቶለታል። ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ሮቲውም ፓራታውም ፓሮታውም፣ በምንም ስም ይጠራ፣ ግብሩ ዜሮ ሆኗል። ደስ ብሎናል። ባክሪ ያጣው ግን የግብር ምሕረት አይደለም። ለማሽላም እንደ ስንዴው በየዓመቱ የድጋፍ ዋጋ ይወሰንለታል፤ በዚያ ዋጋ መንግሥት የሚገዛው ግን ከስንዴው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።