«ስትወልጂ ይተውሻል» ማለት ይብቃን

የወር አበባዋ ሲመጣ ከመኝታዋ የማትነሣን እህት ፓራሲታሞል ሰጥተን «ስትወልጂ ይተውሻል» ብለን እንመልሳታለን። እኔም ብያለሁ። ሕመሙ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል ማለት ነው። በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ያህል ይይዛል፤ ከብዙዎቹም ጋር ድባቴ አብሮ ይኖራል። «ሕመሙ አስመርሯት ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ግን ሁለቱ በሽታዎች በዘር ከሚወረሰው መነሻቸው ከፊሉን እንደሚጋሩ አሳይቷል። አንዱ የያዛትን ሌላው የግድ ይይዛታል ማለት አይደለም፤ ድባቴዋ ግን የስንፍናም የእምነት ማነስም አይደለም። ስለዚህ ለወር አበባ ሕመም የመጣችውን ስለ እንቅልፏና ስለ ሐሳቧ፣ በድባቴ የመጣችውን ደግሞ ስለ ወር አበባዋ እንጠይቅ። አስተርጓሚው ወንድ ከሆነ ደፍራ አትናገርምና ሴት ትፈለግላት።