ማሽኑ ፊደል አልቆጠረም

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁንና በእንጨት፣ በቆዳ ወይም በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ስሙን በሌዘር ለማስቀረጽ ለተነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። የቅርጹ መልክ የሚወሰነው ማሽኑ ሲበራ ሳይሆን አስቀድሞ ሥዕሉ በኮምፒውተር ላይ ሲዘጋጅ ነው። ምንጩ ከደፈረሰ ጨረሩ አያጠራውም።

ሐርጌሳ ለሥዕልና ለማስታወቂያ ሰሌዳ እንግዳ ከተማ አይደለችም። የሱቆቿ ግድግዳ በእጅ ሥዕል ሲያጌጥ የኖረ ነው፤ ማንበብ የማይችል ገበያተኛ እንኳ የተሣለውን አይቶ የሚሻውን ያገኛል። ብሩሽ የያዘ ሠዓሊ ሲሳሳት ያያል፤ ካየም ያርማል። ሌዘር ግን አያይም። የተሰጠውን መስመር ተከትሎ ያቃጥላል፤ መስመሩ ከተንሻፈፈ እንደ ተንሻፈፈ፣ ከጎደለም እንደ ጎደለ ያቃጥለዋል። በቀለም የተሳሳተ ይፋቃል፤ በእሳት የተሳሳተ ግን ሰሌዳው እስኪሰበር ድረስ ስሕተቱን ሲያውጅ ይኖራል።

በዚህች ከተማ ደግሞ ጉዳዩን የሚያከብድ አንድ ነገር አለ። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው፤ ከጎኑም ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይነበባሉ። የግዕዝ ፊደል በሐርጌሳ እንግዳ ነው። ባለማሽኑ በሙያው የቱን ያህል የተካነ ቢሆን፣ ፊደሉን ካልተማረ «ቤ» ከ«ቢ» የሚለይበትን ምልክት እንዲያውቅ አይጠበቅም። የላቲኑ ቃል ተገልብጦ ቢመጣለት ወዲያው ይነቃል፤ አማርኛው ቢገለበጥ ግን ሁሉም ያው ጌጥ ነው። እንግዲህ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ማንበብ በሚችለው ላይ፣ ማለትም ሥራውን ይዞ በመጣው አማርኛ አንባቢ ላይ ነው።

ብዙው አንባቢ ግን ይህን ሸክም አይፈልገውም። በስልኩ ያነሣትን ደብዛዛ ፎቶግራፍ ይልክና «ማሽኑ ያስተካክለዋል» ይላል። ይህ አባባል ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ፎቶግራፍ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሞላ ነው፤ መስመር የለውም። ኮምፒውተሩ ፎቶግራፉን በራሱ ወደ መስመር እንዲቀይር ሲታዘዝ ጥቁሩ የት እንደሚያልቅ ይገምታል እንጂ የተሣለው ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ከሐርጌሳ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኙትን የላስ ጌል የከብት ሥዕሎች ማሰብ ይበቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩትን እነዚህን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ቡድን ለዓለም አስተዋውቋቸዋል። ፎቶግራፋቸው በዚህ መንገድ ወደ መስመር ቢቀየር የዓለቱ ስንጥቅ የላሟ እግር፣ የዓለቱም እድፍ ቀንዷ ሊሆን ይችላል። ላሟን ከስንጥቁ የሚለየው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ወደ ፊደል ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የአማርኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በጥቃቅን ቅጥሎች ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ»፣ «ሴ»ን ከ«ሲ» የምትለየው፣ ማለትም ኃምሱን ከሣልሱ የምትለየው፣ እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ናት። ፊደሉ አራት ሚሊሜትር ቁመት ሲኖረው የቀለበቷ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ላይሞላ ይችላል፤ ጨረሩ ራሱ ደግሞ በተለመዱት ማሽኖች ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ እስከ ሁለት ዐሥረኛ የሚደርስ ስፋት አለው። ከደብዛዛ ፎቶግራፍ የተቀዳች ቀለበት ቀዳዳዋ ይደፈናል። ያን ጊዜ «ምግብ ቤት» «ምግብ ቢት»፣ «ደሴ»ም «ደሲ» ይሆናል። ከ«ሸ» አናት ላይ ያለው ሰረዝ ሳስቶ ሲጠፋ «ሸዋ» «ሰዋ» ሆኖ ይቀራል። ደንበኛን «ኑ» ብሎ ሊጠራ የተሰቀለ ሰሌዳ የካዕቡ ቅጥል ሲደበዝዝ «ነ» ብሎ ዝም ይላል። ይህ በምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሲሆን ያስቃል፤ ለሟች መታሰቢያ በተሠራ ሰሌዳ ላይ «ንጉሤ» «ንጉሢ» ተብሎ ሲቀረጽ ግን የሚስቅ የለም።

ታዲያ ንጹሕ ሥዕል የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው? በቬክተር የተሠራ፣ ማለትም እያንዳንዱ መስመር መነሻው፣ መታጠፊያውና መድረሻው በልክ የታወቀለት ሥዕል ነው። ጽሑፍ ከሆነ ከፎቶግራፍ አይቀዳም፤ ቀለበቱ ሰፊ፣ ሰረዙም ወፈር ያለ የፊደል ዓይነት ተመርጦ እንደ ገና ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ በኋላ ይህ ቀላል ሆኗል። ከዚያ በፊት በነበሩት የየራሳቸው አሠራር ባላቸው ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ ግን በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ቅራቅንቦ ሆኖ ይታያል፤ የዩኒኮዱም ቢሆን ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ባዶ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ወደ ቅርጽ መለወጥ አለበት። ከተለወጠ በኋላ ግን የፊደል ግድፈት በቁልፍ መምቻ አይታረምምና አንድ ያልተለወጠ ቅጂ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ቀጥሎ መስመሮቹ ይመረመራሉ። ተደራርበው የተሣሉ ቅርጾች ካልተዋሐዱ መደራረቢያቸው ባዶ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሳይታወቅ ሁለት ጊዜ የተሣለን መስመር ማሽኑ ሁለት ጊዜ ያቃጥለዋል። ጫፍና ጫፉ ያልተገናኘ ቅርጽ ውስጡ እንዲሞላ ቢታዘዝ በሚገባ አይሞላም። ነጥቡ የበዛ መስመር ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ሰሌዳው የሚቀረጽ ሳይሆን በፊደሉ ቅርጽ የሚቆረጥ ከሆነ የ«መ»ና የ«ወ» ዓይኖች ተነቅለው እንዳይወድቁ ማያያዣ ድልድይ ሊተውላቸው ይገባል። ለጎማ ማኅተም የሚሆነው ሥዕል በመስታወት እንደሚታይ ይገለበጣል፤ የተገለበጠውን አንብቦ ማረጋገጥም የአንባቢው እንጂ የባለማሽኑ ሥራ አይደለም። በመጨረሻ ሥዕሉ በእውነተኛ ልኩ በወረቀት ታትሞ ሌላ ሰው ያንብበው። ለዚህ ሁሉ ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ኢንክስኬፕ በነጻ የሚገኝ ነው።

«ይህን ማን ያስተውለዋል?» የሚል አይጠፋም። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፈር የቀደዱለት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ፊደላት በጥቂት ቁልፎች ማስተናገድ ነበረበት፤ ስለዚህ ቅጥሎቹን ከፊደሉ ግንድ ጋር ለየብቻ እየመታ ያገጣጥም ነበር። ቅጥሉ ከግንዱ ተለያይቶ መታየቱ የግድ ሆነና አንባቢው ለመደው። ያ ትውልድ ምክንያት ነበረው፤ ብረቱ ከዚያ በላይ አይችልም ነበር። የዛሬው ማሽን ግን የተሰጠውን መስመር በጥሩ ልክ ያወጣል። ዛሬ የተጎሳቆለ ፊደል የሚቀርጽ ሰው የሚያሳብበው ማሽን የለውም፤ ስንፍናውን እንጂ።

«የምከፍለው እኮ ባለማሽኑ እንዲሠራልኝ ነው» የሚለውም ክርክር አያዛልቅም። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ በስሕተት እስከ መጥራት የደረሰ ሰው ነበር። ሆኖም ንባቡን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። መጽሐፉን የባዕድ እጅ አተመው፤ ፊደሉን ግን የሚያውቁት ሰዎች አስተማሩ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በሐርጌሳ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ያንኑ ድርሻ መወጣት እንዴት ይከብደዋል? ክፍያ ለጉልበትና ለመብራት ነው፤ ፊደል ማወቅ ግን በገንዘብ ለባለማሽኑ አይተላለፍም።

ቁም ጸሐፊዎች ይህን ምሥጢር ያውቁት ነበር። መቃቸውን ቀለም ከመንከራቸው በፊት ብራናውን ይፍቃሉ፣ በወስፌ ይወጋሉ፣ መስመር ያሰምራሉ። አንድም ቃል ሳይጻፍ ረጅም ድካም አልፏል፤ የጽሕፈቱ ውበት የሚመነጨውም ከዚያ ድካም ነው። ሌዘር ይህን ሥርዓት አልሻረውም፤ ብራናው ወደ ኮምፒውተር መስኮት፣ መቃውም ወደ ጨረር ተለወጠ እንጂ። ዝግጅቱን ዘልሎ በውጤቱ ማሽኑን የሚወቅስ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለለት ነው። ማሽኑ ፊደል አልቆጠረም፤ የቆጠረው ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሥራውን ሲያስረክብ፣ በባዕድ ከተማ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ፊደል ያለ ጠበቃ ይቀራል።