ቀለም የተቀባ ወንበር፣ ክብሩ የተነፈገ ሙያ

የመኪናን የቆዳ ወንበር ቀለም ማስለወጥ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ እንግዳ ሥራ አይደለም። ክሬም የነበረው ጥቁር፣ ግራጫ የነበረው ቡናማ ሆኖ ከጋራዥ ይወጣል። ስለዚህ ሥራ በተነሣ ቁጥር ግን ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው ወገን «አሮጊትን ኩል መኳል ነው» ብሎ ይሳለቃል፤ ሁለተኛው «ሽፋን አልብሶ መገላገል ሲቻል ቀለም ምን ያደርጋል?» ብሎ ያጣጥላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከስህተታቸው ይልቅ የሚያሳዝነው ሙያውን ሳያውቁ መናቃቸው፣ በሙያው ስም የሚነግደውን አታላይ ግን በዝምታ ማለፋቸው ነው።

በቅድሚያ የፍላጎቱ ምንጭ ይታወቅ። በኢትዮጵያ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኬንያም ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዲገባ አትፈቅድም። እንግዲህ በእጅ ያለን መኪና ተንከባክቦ ማኖር ግዴታ እንጂ ቅንጦት አይደለም። ሞተር ሲታደስ የሚስቅ የለም፤ ፀሐይ ያነጣውና ላብ የበላው ወንበር ሲታደስ የሚያስቀው ምንድን ነው?

ሽፋን ይሻላል የሚለው ክርክርም ሲመረመር አይጸናም። ከፕላስቲክ የተሠራው ሰው ሠራሽ ሽፋን በሙቀት ጊዜ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ከሥሩ አቧራና እርጥበት እየሰበሰበ እውነተኛውን ቆዳ ይጎዳል። ከዚህ የከፋም አለ። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የጎን ኤርባግ የተቀመጠው በወንበሩ መደገፊያ ውስጥ ነው፤ በግጭት ጊዜ ስፌቱን ቀድዶ ይወጣል። ይህን ሳያውቅ ዙሪያውን አጥብቆ የሚያለብስ ሰው መኪናውን ያስዋበ ይመስለዋል እንጂ የተሳፋሪውን መከላከያ እየዘጋ ነው።

በአግባቡ የሚሠራ የቆዳ ቀለም ምን እንደሚጠይቅ ደግሞ ነቃፊዎቹ ቢያዩ መልካም ነበር። በአብዛኞቹ መኪኖች የወንበሩ ቆዳ በፋብሪካ ቀለምና በመከላከያ ልባስ የተሸፈነ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ቅባቱንና እድፉን ያጥባል፤ የማለስለሻ ዘይት ቅሪት ካለ አዲሱ ቀለም አይዝምና። ቀጥሎ የላይኛውን ልባስ በተገቢው ፈሳሽ ያነሣል፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ስንጥቁን ለቆዳ በተሠራ መሙያ ይደፍናል። ቀለሙን የሚረጨው በስሱ፣ ደጋግሞ፣ እያንዳንዱ ንብር እስኪደርቅ እየጠበቀ ነው። በመጨረሻም መከላከያ ልባስ ይደርብበታል። ከነጣ ወደ ጠቆረ መለወጥ ይቀላል፤ ከጥቁር ወደ ክሬም መመለስ ግን ብዙ ንብር ይፈልጋል፤ ሲፋቅም የቀድሞው ጥቁር ፈጥኖ ይገለጣል። ሐቀኛ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ይናገራል። በጅቡቲና በድሬዳዋ ፀሐይ ጥቁር ወንበር እንደሚያቃጥል፣ ዳሽቦርድን በሚያብረቀርቅ ፈዛዛ ቀለም መቀባትም መስተዋቱ ላይ እያንጸባረቀ የሹፌሩን እይታ እንደሚያውክ ይመክራል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው፤ ትዕግሥትም ነው።

ነቀፋ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። ያልታጠበ ቆዳ ላይ የጫማ ቀለም ለቅልቆ ገንዘብ የሚቀበል አለ። ቀለሙም በበዓል ቀን በባለቤቲቱ ነጭ ነጠላ ላይ ይታተማል። ከዚህም የባሰው መኪናው ሊሸጥ ሲል ወንበሩን አስቀብቶ «ብዙም ያልተነዳ ነው» የሚለው ሻጭና አብሮት የሚምለው ደላላ ነው። እዚህ ላይ ቀለሙ የምስክርን አፍ መዝጊያ ሆኗል፤ ምክንያቱም የወንበር ቆዳ የመኪናን ዕድሜ ከሚመሰክሩት አንዱ ነው። ገዢ ግን ሌሎቹን ምስክሮች ይጠይቅ። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ፣ የደህንነት ቀበቶው ጠርዝ ተበጣጥሶ ሳለ ወንበሩ ብቻ አዲስ ከሆነ ነገር አለ። የስፌቱን እጥፋት ከፈት አድርጎ ቢያይ የቀድሞው ቀለም ከክሩ ሥር ይገኛል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት ቀለም ከለቀቀ ሥራው ጥድፊያ እንደነበረ ያስታውቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ገዢው ግን ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ሳይሆን በፊት ቢጠራለት ይሻላል።

አታላዩ እንዲህ ሊበረታ የቻለው ግን ሐቀኛው ሠራተኛ ስለተናቀ ነው። በዚህ ምድር ቆዳ የሚሠራ እጅ ለብዙ ዘመን ተሰድቧል፤ «ፋቂ» የሚለው የሥራ ስም ስድብ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም አመለካከቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። የቀንድ ከብት በበዛበት አገር በበዓል ማግሥት ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ መታየቱ የዚሁ ንቀት ልጅ ባይባል እንኳ ዘመዱ ነው። የተናቀ ሙያ መለኪያ አይወጣለትም፤ መለኪያ የሌለው ሙያ ደግሞ ለአታላይ የተከፈተ በር ነው። ደንበኛው ጥሩውን ከመጥፎው ሳይለይ በዋጋ ብቻ ሲከራከር፣ ሦስት ቀን የሚፈጀውን ሥራ በግማሽ ቀን ካልተሠራልኝ ሲል፣ ለቅላቂውን እየሾመ ባለሙያውን ከገበያ ያስወጣል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወንበር የሚቀባ ሁሉ ለደንበኛው ደረሰኝ ይስጥ፤ በደረሰኙም የቀድሞው ቀለም፣ አዲሱ ቀለም፣ የተደፈነው ስንጥቅና ሥራው የተፈጸመበት ቀን ይጻፍ። ሻጭም ይህን ወረቀት ከመኪናው ጋር ያስረክብ። በሥራው የሚኮራ ባለሙያ ይህን አይፈራም፤ ወረቀቱ ምስክሩ ነውና። የሚፈራው ቢኖር ቀለሙን ለመሸፈኛ የሚፈልገው ብቻ ነው። ገዢም ወረቀቱን ሳያይ ለወንበሩ ውበት አንድ ብር አይጨምር።